ከጥጥ ማሳ እስከ ዱንጉዛ

መስከረም አጋምሶ ጊፋታ ሲደርስ ወላይታ ሶዶ በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ ትደምቃለች። የመንዝ ሰው ከበግ ፀጉር ባና ሠርቶ ብርዱን እንደሚከላከል ሁሉ፣ የወላይታ መለያም ዱንጉዛ ነው፤ መነሻው ግን ጥጥ ነው።

ጥጡ ይዳመጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል። እናቶች በእንዝርት ፈትለው ልቃቂት ያደርጉታል። ከዚያ ድርና ማግ ሆኖ ሸማኔው ዘንድ ይደርሳል። ዛሬ ግን ብዙው ሸማኔ የሚሠራው አስቀድሞ በተነከረ የፋብሪካ ክር ነው። ሥራው እንደሚቀል አይካድም። የፈታይዋና የጥጥ አምራቹ ድርሻ ግን በዚያው ይቀራል። የዱንጉዛ መልክ የታተመበት ጨርቅ ደግሞ ሸማኔውንም ዘልሎ ገበያ ይወጣል።

ጥጥ ለዞኑ ቆላ እንግዳ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. የተጀመረውና ዋዱ በሚል ስም የሚታወቀው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በሁምቦ አበላ ቆላ ገበሬዎችን ሲያሰፍር ጥጥ ከገበያ ሰብሎቹ አንዱ ነበር። የወረዳ ግብርና ባለሙያዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

የቋንቋው ነገርም ከዚሁ ይያያዛል። ወላይትኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ነው። ሆኖም እንዝርት ሲሾር ያላየ ተማሪ የሙያውን ቃላት ከመጽሐፍ ብቻ አይዝም። በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ የምትፈትል እናት ብትጋበዝ፣ ልጆቹ ጥጡን እየዳመጡ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ከአፏ ይሰማሉ። ለዚህ ብዙ በጀት አያስፈልግም፤ ደጋኑና እንዝርቱ በየቀበሌው ገና አልጠፋም።