የጆሮ ኩክ ቆሻሻ አይደለም

ገላ መታጠብ፣ ጥርስ መፋቅና ጥፍር መቁረጥ ለጤንነት የሚበጁ የንጽሕና ልማዶች ናቸው። ብዙ ቤተሰብ ጆሮ መኮርኮርንም ከእነዚሁ ጋር ይቆጥረዋል። ልጅ ታጥቦ እንደወጣ እናት ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልላ ወይም ከሱቅ የገዛችውን የጆሮ ጥጥ ይዛ፣ ውስጡን ትጠርጋለች። አባትም ቢሆን በእስክርቢቶ ክዳን ወይም በቁልፍ ሲኮረኩር ይታያል። ይህ ልማድ መቅረት ያለበት ለምን እንደሆነና ኩክ በእርግጥ ጆሮን ሲደፍን ምን መደረግ እንደሚገባው ቀጥለን እናስረዳለን።

የአዋቂ ሰው የጆሮ ቀዳዳ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ትንሽ ጠመም ያለ መተላለፊያ ነው። በመጨረሻው ላይ የጆሮ ታምቡር የምንለው ስስ ሽፋን ተወጥሮ ይገኛል። ኩክ የሚሠራው በመላው መተላለፊያ ሳይሆን በውጨኛው አንድ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ነው። እዚያ ያሉት ጥቃቅን ዕጢዎች የሚያመነጩት ቅባት ከረገፈ ቆዳና ከብናኝ ጋር ተቀላቅሎ ኩክ ይሆናል። አቧራን ይይዛል፤ ቆዳው በውሃ እንዳይርስ ይከላከላል፤ በመጠኑ አሲድነት ስላለውም ባክቴሪያና ፈንገስ በቀላሉ እንዳይራቡ ያግዛል። ኩኩ ሁልጊዜ ተጠርጎ የሚወጣ ጆሮ ይደርቃል፣ ያሳክካል። ሲያሳክክ ደግሞ ባለቤቱ ይበልጥ ይኮረኩረዋል።

ኩክ በራሱ ጊዜ ይወጣል። የጆሮ ቀዳዳ ቆዳ ከታምቡሩ አካባቢ ተነስቶ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይጓዛል፤ ኩኩንም አብሮት ይዞ ይሄዳል። ስናኝክና ስንናገር የመንጋጋችን እንቅስቃሴ ይህንን ጉዞ ይረዳዋል። ደጁ ላይ የደረሰውን በእርጥብ ጨርቅ ከውጭ መጥረግ በቂ ነው። ከዚያ አልፎ በእንጨት ሲገባበት ግን ጥጡ ላይ ተጣብቆ የሚወጣው ጥቂቱ ሲሆን የቀረው ወደ ውስጥ ይጎሰጎሳል። ባለቤቱ ጥጡ ላይ ቢጫ ነገር ስላየ ጆሮው የጸዳ ይመስለዋል። ወደ ውስጥ የተገፋው ኩክ ደግሞ ተመልሶ መውጣት ይሳነውና ታምቡሩ አጠገብ ይጠጥራል። የውስጠኛው ክፍል ቆዳ በአጥንት ላይ የተለጠፈና በጣም ስስ ስለሆነ በትንሽ ጭረት ይደማል፣ ያመረቅዛል። ልጁ ድንገት ጭንቅላቱን ካዞረ ወይም ሌላ ሕፃን እየሮጠ መጥቶ የእናትየውን ክንድ ከገፋ ታምቡሩ ሊበሳ ይችላል።

ቀደም ባለው ጊዜ በደገኛው አገር ከአንገት የሚንጠለጠል የብር ኩክ ማውጫ ነበር። ዛሬም በቅርሳ ቅርስ መሸጫ ሱቆች ይገኛል። የአንጥረኞቻችን እጅ የሚታይበት ያማረ ጌጥ ነውና በአንገት ላይ ሊቆይ ይገባዋል፤ ጆሮ ውስጥ ግን አይግባ። የጆሮ ጥጥ የሚባለውም የተሻለ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1923 ለሕፃናት ንጽሕና ተብሎ መሠራት የጀመረ ዕቃ ሲሆን፣ ዛሬ ስመ ጥር የሆኑት አምራቾች ራሳቸው ወደ ጆሮ ቀዳዳ እንዳይገባ በማሸጊያው ላይ ያስጠነቅቃሉ። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በጆሮ ጥጥ ተጎድተው በድንገተኛ ክፍል የታከሙት ሕፃናትና ወጣቶች 263 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ በጥናት ተገምቷል። በቀን 34 ገደማ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ የተጎዱት ጆሯቸው ሲጸዳ ነበር።

ልጅ ሲሆን

በልጆች ላይ ትልቁ ስጋት ኩክንና መግልን አለመለየት ነው። ኩክ ቢጫ ወይም ቡናማ፣ እንደ ሰም የሚጣበቅ ነው፤ ሽታው ያን ያህል አያስቸግርም፤ ትራስም አያረጥብም። ከጆሮ የሚፈስ፣ የሚሸትና ትራስ የሚያበላሽ ነገር ግን ከታምቡሩ በስተጀርባ ከሚገኘው የመካከለኛው ጆሮ ሕመም የመጣ መግል ሊሆን ይችላል። ይህም ማለት ታምቡሩ ተበስቷል ማለት ነው። ፈሳሹ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ሕመም ተብሎ የሚታከም ሲሆን፣ ቸል ከተባለ የመስማት ችሎታን ይቀንሳል። “ጥርስ ሲያወጣ ነው፣ ይተወዋል” እየተባለ ብዙ ሕፃን ዘግይቶ ይመጣል። የእናት ጡት ወተት፣ የቀለጠ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ በእንዲህ ያለ ጆሮ ውስጥ ማንጠባጠብ ጀርሙን መመገብ ነውና መቅረት አለበት።

ሌላው በቤትም በትምህርት ቤትም ሳይታወቅ የሚቀረው የጆሮ መደፈን ነው። ሲጠሩት የማይመልስ፣ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጎ የሚከፍት፣ መምህሩ የተናገረውን ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ልጅ “ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል” ተብሎ ይቆነጠጣል። ከመቆጣት በፊት ጆሮውን ማሳየት ይቀድማል። ምክንያቱ ኩክ ከሆነ በአንድ ቀጠሮ የሚወገድ ነገር ነው፤ ኩክ ካልሆነም በጊዜ መታወቁ ይጠቅመዋል። በዕድሜ የገፉ ሰዎችም ኩካቸው እየደረቀ ስለሚሄድ በቀላሉ ይደፈናሉ። “አረጁ፣ አይሰሙም” ብሎ መተው ተገቢ አይደለም።

ልጆች ባቄላ፣ ሽንብራ ወይም ዶቃ ጆሯቸው ውስጥ ይከታሉ። ጥራጥሬ በውሃ ስለሚያብጥ ውሃ ማፍሰስ ነገሩን ያባብሰዋል። በእጅ ለማውጣትም መሞከር አይገባም። የሰዓት ወይም የመጫወቻ ክብ ባትሪ ከሆነ ምንም ጠብታ ሳይጨመርበት ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቆዳውን ያቃጥለዋል።

በሕክምና ባለሙያ ዘንድ

ኩክ ስላለ ብቻ ማስወጣት አያስፈልግም። የሚወጣው መስማት ሲቀንስ፣ ጆሮ ሲጮህ፣ ሲያም፣ ሲደፈን ወይም ሐኪሙ ታምቡሩን ማየት ሲያቅተው ነው። ብዙ ሰው ጆሮው መደፈኑን የሚያውቀው ፀጉሩን ከታጠበ ወይም ጠበል ተጠምቆ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ የቆየው ኩክ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ቀዳዳውን ይዘጋዋል።

ባለሙያው በቅድሚያ ይጠይቃል። ጆሮው መግል ፈሶት ያውቃል? ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል? ስኳር በሽታ አለብዎ? የሚሰሙት በዚሁ ጆሮ ብቻ ነው? መልሱን ሳይደብቁ መናገር ይገባል፤ ታምቡሩ ለተበሳ ሰው ውሃ አይደረግም፣ ለስኳር ሕሙማንም ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ኦቶስኮፕ በተባለ ብርሃን ባለው መሣሪያ ውስጡን ያያል። ኩኩ ከጠጠረ ከፋርማሲ የሚገኝ ማለስለሻ ጠብታ ለጥቂት ቀናት ያዛል። ጠብታው በእጅ መዳፍ ሞቅ ተደርጎ፣ በጎን ተጋድሞ ይጨመርና አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጆሮው ይበልጥ የተደፈነ ቢመስል አያስደነግጥ፤ ኩኩ እያበጠ በመለስለስ ላይ ነው።

የማጠቢያው ውሃ ሙቀት ከሰውነት ሙቀት ጋር እኩል፣ 37 ዲግሪ ያህል መሆን አለበት። ከዚህ ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ የሚዛን መጠበቂያ የሆነውን የውስጥ ጆሮ ያናውጥና ራስን ያዞራል። ውሃው የሚረጨው በቀጥታ ወደ ታምቡሩ ሳይሆን በቀዳዳው ላይኛ ግድግዳ በኩል ነው፤ ከኩኩ ጀርባ ዞሮ ሲመለስ ይገፋዋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው መመሪያ ትልቁን የብረት መርፌ ቀፎ ትቶ ግፊቱ በሚለካ የኤሌክትሪክ ማጠቢያ መጠቀምን ይመክራል። ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ደግሞ በብርሃን እየታየ በትንሽ ማንኪያ መሰል መሣሪያ ወይም በመምጠጫ ይወጣል። የመምጠጫው ድምፅ ልጆችን ስለሚያስፈራ አስቀድሞ መንገር ይረዳል። ሕፃን ከሆነ እናት ጭኗ ላይ አስቀምጣ በአንድ እጇ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ፣ በሌላው ሁለቱን እጆቹን አጥብቃ ትይዛለች።

ሥራው ሊያም አይገባም። ካመመዎ ወይም ራስዎን ካዞረዎ “ይቁም” ይበሉ። ኩኩ ከወጣ በኋላ ባለሙያው ጆሮውን ደግሞ ማየት አለበት፤ ሳያይ ካሰናበተዎ እንዲያይልዎ ይጠይቁት። በቀጣዮቹ ቀናት ጆሮው ካመመ፣ ከደማ ወይም ከፈሰሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ።