የተባዙ ቮልዩሞችን በስክሪፕት ማውንት ማድረግ፦ ስክሪፕቱ መቼ ማቆም አለበት?

አንድ የመረጃ ማዕከል በእሳት ወይም በጎርፍ ከአገልግሎት ውጭ ሲሆን፣ በሌላ ስፍራ የተቀመጠ የዲስክ ቅጂ ሥራውን እንዲረከብ ይደረጋል። ቅጂው ግን በተጠባባቂ ሰርቨር ላይ ማውንት ካልተደረገ አገልግሎት አይሰጥም። በአስቸኳይ ሰዓት ይህን በእጅ መፈጸም ለስሕተት ስለሚያጋልጥ ተግባሩ ለስክሪፕት ይሰጣል። የስክሪፕቱ አስተማማኝነት በአብዛኛው የሚለካው ማቆም በሚገባው ጊዜ በማቆሙ ነው። ለዚህም በሊኑክስ ሥርዓት አራት ነጥቦች ሊረጋገጡ ይገባል።

የመጀመሪያው የዋናው ሰርቨር ሁኔታ ነው። የግንኙነት መቋረጥ ብቻውን ዋናው ሰርቨር መቆሙን አያረጋግጥም። ሁለቱ ወገኖች በየፊናቸው መጻፍ ከቀጠሉ ቅጂዎቹ ይለያያሉ፤ በብሎክ ደረጃ መልሶ ማዋሐድ ስለማይቻልም የአንደኛው ወገን አዲስ መረጃ ይጣላል። ስለዚህ ስክሪፕቱ አስቀድሞ የዋናውን ሰርቨር ኃይል ወይም የዲስክ ግንኙነት ያቋርጣል፤ ካልተቻለ የኃላፊ ማረጋገጫ ይጠብቃል።

ሁለተኛው የቮልዩሙ ማንነት ነው። የብሎክ ቅጂ የዋናውን ዩዩአይዲ ይዞ ይመጣል። በልምምድ ወቅት ሁለቱ በአንድ ሰርቨር ላይ ሲገናኙ፣ ኤክስኤፍኤስ ተመሳሳይ መለያ ያለውን ሁለተኛ ቮልዩም ማውንት አያደርግም። «ኖዩዩአይዲ» የተባለው አማራጭ ክልከላውን ያነሣል፤ ሆኖም ቅጂው በዲስኩ ሲሪያል ቁጥር ሳይለይ ሊሠራበት አይገባም። በኤልቪኤም ደግሞ «ቪጂኢምፖርትክሎን» የተባለው ትእዛዝ ለቅጂው አዲስ ስምና መለያ ይሰጣል።

ሦስተኛው የመረጃው ወጥነት ነው። በድንገት የተቋረጠ ቅጂ ኃይል እንደጠፋበት ዲስክ ስለሆነ፣ የፋይል ሥርዓቱ ማውንት ሲደረግ ጆርናሉን በመከተል ያልተጠናቀቁ ለውጦችን ያስተካክላል። ኢኤክስቲ4 እና ኤክስኤፍኤስ «ለንባብ ብቻ» ቢባሉም ይህን ስለሚፈጽሙ በዲስኩ ላይ ይጽፋሉ። በመሆኑም ልምምድ በቅጂው ቅጽበታዊ ምስል ላይ ቢደረግ ይመረጣል። የዳታቤዙ ፋይሎችና የለውጥ መዝገቡ በተለያዩ ቮልዩሞች ካሉም፣ ሁለቱ የአንድ ቅጽበት ቅጂ መሆን አለባቸው።

አራተኛው የማውንቱ ውጤት ነው። ማውንት ሳይሳካ ስክሪፕቱ ወደ ቀጣዩ ትእዛዝ ካለፈ፣ ዳታቤዙ በሰርቨሩ የራሱ ዲስክ ላይ ባለ ባዶ ማውጫ ውስጥ መጻፍ ሊጀምር ይችላል። አገልግሎቱ የተመለሰ ይመስላል፤ የቀድሞው መረጃ ግን የለም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ትእዛዝ የመውጫ ኮድ ይመረመራል፤ ከዜሮ የተለየ ከሆነ ሂደቱ ይቆማል። ዳታቤዙም የሚነሣው ማውጫው በእርግጥ ማውንት መደረጉ «ማውንትፖይንት» በተባለው ትእዛዝ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።