ዘጌ ላይ የተያዘው የጥንት ዕቃ ፈላጊ

ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ጣናን የሚያይ ሰው ዘጌን ያውቃል። የቡና አገር ነው። እዚያ ዘጌ ላይ በ1858 ዓ.ም. አንድ እንግዳ ተያዘ። ስሙ ሆርሙዝድ ራሳም ይባላል። ሥራው መሬት እየቆፈሩ የጥንት ዕቃ መፈለግ ነበር። እንዲህ ያለውን ባለሙያ አርኪዎሎጂስት ይሉታል።

ራሳም የተወለደው በዛሬዋ ኢራቅ፣ ሞሱል ከተማ ነው። የሚቆፍረው ለእንግሊዞች ሙዚየም ነበር። ሙዚየም ማለት የጥንት ዕቃ ተጠብቆ የሚታይበት ቤት ነው። ከሞሱል ማዶ አንድ ትልቅ ጉብታ አለ። አንዱ ወገን ለፈረንሳዮች የተሰጠ ነበር። ራሳም ግን በ1846 ዓ.ም. ሰዎቹን ይዞ በሌሊት ቆፈረው። የጥንት ንጉሥ ግንብ አገኘ። በሸክላ ላይ የተጻፈ ብዙ ጽሑፍም ወጣ። ኋላ ሲነበብ እንደ ኖኅ ዘመን ያለ የጥፋት ውኃ ታሪክ ተገኘበት። ሰውዬው ደፋር ነው፤ የሰው ድርሻ መድፈሩን ግን አንወድለትም።

ታዲያ ጣና ምን አመጣው? አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ደብዳቤ ላኩ። መልስ ጠፋ። ንጉሡ ተቆጡ፤ የእንግሊዙን ቆንስልና ሌሎችን ፈረንጆች አሰሩ። እንግሊዞች አስፈቺ አድርገው የላኩት ራሳምን ነው። ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ ቆየ። በጥር 1858 ከንጉሡ ጋር ተገናኘ። በክብር ተቀበሉት፤ ጣና ዳር ቆራጣ ላይ አስቀመጡት። እስረኞቹም ተፈተው ወደ እሱ መጡ።

አገራቸው ሊገቡ ሲሉ ንጉሡ ራሳምን ለስንብት ወደ ዘጌ ጠሩት። ሚያዝያ 6 ቀን በደንገል ታንኳ ተሻገረ። በዚህ ታንኳ የሄደ ሰው ልብሱ ሳይርስ እንደማይደርስ የጣና ሰው ያውቀዋል። ራሳም ግን የከፋው ነገር የጠበቀው ከውኃው ሲወጣ ነው። ንጉሡ፣ እስረኞቹን ሳያስታርቀኝ ሊወስዳቸው ነው ብለው አስያዙት። ኋላም መቅደላ አምባ ላይ እግር ብረት ገባለት።

በዚያው ሰሞን፣ በ1859 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ጎንደርን አስዘረፉ፤ አቃጠሉም። ይህንንም መደበቅ የለብንም። የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ተጭነው መቅደላ ገቡ።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መጣ። ራሳምና ጓደኞቹ ተለቀቁ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘ፤ አፄ ቴዎድሮስም ሽጉጣቸውን ጠጡ። ራሳም ዘጌ ላይ ከተያዘ ልክ በሁለት ዓመቱ መሆኑ ነው።

ከጦሩ ጋር ሌላ የጥንት ዕቃ ፈላጊ ነበረ። ሪቻርድ ሆምስ ይባላል፤ እሱም የሙዚየሙ ሰው ነው። ይህኛው መቆፈር እንኳ አላስፈለገውም። የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዛ። ኵርዓተ ርእሱ የሚባለውን የክርስቶስ ሥዕል ደግሞ ለራሱ አስቀረ። የተዘረፈውን ዕቃ ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ተሰለፈ።

ለሙዚየሙ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ደረሱት። አብዛኞቹ በግዕዝ የተጻፉ ናቸው። ፊደሉ እኛ አሁን የምናነበው ይኸው ፊደል ነው። ዛሬም ያሉት ለንደን ነው።