ካሮቱ ለምን ጣት አወጣ? ስለ ሥር አሳባጭ ኔማቶዶች የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ



ከዓመታት በፊት አንድ አርሶ አደር ግማሽ ጆንያ ካሮት አስይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። ካሮቱ ቀጥ ብሎ በመውረድ ፈንታ እንደ ሰው እጅ ጣት አውጥቷል፤ ነጋዴው በግማሽ ዋጋ እንኳ አልወስድም ብሏቸዋል። ጥፋቱን የጣሉት በዘሩ ላይ ነበር። ዘር ለውጠው፣ ዩሪያ ጨምረው በዚያው ማሳ ቢደግሙም ያገኙት ያንኑ ነው። ቀጫጭኖቹን ሥሮች አጥቤ ስመለከት የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ እባጮች አየሁ።

ይህ የሥር አሳባጭ ኔማቶድ ሥራ ነው። ከእንቁላል የሚፈለፈለው ትል ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል እንኳ አይሞላም። በአፈሩ እርጥበት ውስጥ እየተንቀሳቀሰ የሥሩን ጫፍ ያገኝና በመርፌ መሰል አፉ ወግቶ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እስከ ዛሬ ያስገርመኛል፦ ጥቂት የሥር ሕዋሳትን በምራቁ ለውጦ ግዙፍ መጋቢዎች ያደርጋቸዋል፤ ተክሉም ጠላቱን በገዛ እጁ ይቀልባል። ሴቷ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች።

ለካሮት ክፉው ጊዜ ከበቀለ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው። ወደ ታች የሚያድገው ዋና ሥር ጫፉ ሲጎዳ ይቆማል፤ የጎን ሥሮች ይተኩታል። ቅጠሉ ግን ለምለም ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል ጉዳቱ የሚታወቀው ሲነቀል ነው። (ድንጋያማ አፈርም ካሮትን ጣት ያስወጣል፤ እባጭ ግን አያመጣም።)

ስለዚህ ምርመራው ከዘር በፊት መሆን አለበት። ቤተ ሙከራ የራቀው ሰው ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ አፈር ወስዶ በየቆርቆሮው የቲማቲም ችግኝ ይትከል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ በቀስታ ነቅሎ ሥሩን አጥቦ ይመልከት።

እባጭ ከታየስ? እኔም በወጣትነቴ ዝርያውን ሳልለይ «እህል አፈራርቁ» ብዬ መክሬያለሁ፤ ዛሬ አላደርገውም። ቀዝቃዛ ስፍራ የሚስማማው ሜሎይዶጋይኒ ሃፕላ በስንዴና በገብስ ላይ አይራባም፤ ሙቀት የሚወዱት ኢንኮግኒታና ጃቫኒካ ግን በበቆሎም ላይ ይራባሉ።

የእኚያ አርሶ አደር ትል ሃፕላ ነበር። ገብስ ዝሩ፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለውንም አረም አጥፉ፣ ትሉ በእርሱም ላይ ይኖራልና አልኳቸው። «ሁለት ዓመት ካሮት ሳልሸጥ ልጆቼን በምን ላስተምር?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ማሳውን ከፋፍለን በቲማቲም ፈተንነው፤ ንጹሕ ሆኖ በተገኘው ዳር ካሮት፣ በቀረው ገብስ ዘሩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩም ዶማቸውን ማጠብ ጀመሩ።