ስለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ጥቅምና ጉዳት

ባለ 60 ዋት የክር አምፖል በየማታው 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ያንኑ ያህል ብርሃን የሚሰጠው ባለ 15 ዋት ፍሎረሰንት ግን 2.25 ብቻ ነው። የክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል የሚበዛውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው፥ እንደ ቆቦ ባለ ቆላ አገር ይህ ራሱ ሸክም ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽንም በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ባንክ ገንዘብ አሮጌውን እየተቀበለ ቆጣቢውን በነጻ ያደለው ስለዚሁ ነበር።

ጉዳቱም አይናቅም። አምፖሉ ጥቂት ሚሊግራም ባዜቃ፥ ማለት ሜርኩሪ፥ በውስጡ ይዟል። ቢሰበር መስኮት ከፍቶ ለጥቂት ጊዜ ከክፍሉ መውጣት፥ ስብርባሪውንም በወፍራም ወረቀት ማንሳት ይገባል፤ መጥረጊያ ባዜቃውን ይበትነዋል። ቶሎ ቶሎ ማብራትና ማጥፋትም ዕድሜውን ስለሚያሳጥር ለመጸዳጃ ቤት አይስማማም።

ለአስመጪው ግን ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች በ2022 እ.ኤ.አ. በወሰኑት መሠረት፥ ባላስቱ ከአምፖሉ ጋር የተያያዘውን እስከ 30 ዋት ያለ ቆጣቢ ፍሎረሰንት ከ2025 እ.ኤ.አ. በኋላ መሥራት፥ ማስገባትና ማስወጣት ቀርቷል። ስለዚህ በርካሽ የሚቀርብ የተራረፈ ጭነት ሁሉ ሊጠረጠር ይገባዋል። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ያንኑ ብርሃን ያለ ባዜቃ ይሰጣል፤ ባለሱቁም በመደርደሪያው የቀረውን ሲሸጥ ለገዢው አያያዙን ይንገረው፤ አዲስ ዕቃ ሲያዝ ኤልኢዲውን ይዘዝ።