በሲሊንደር ብዛት ልቤ ጠፍቶ ነበር!

ይኸውላችሁ ውድ አንባቢያን፣ ሰው በመልክ ይታለላል፣ በገንዘብ ይታለላል፤ እኔ ደግሞ በሲሊንደር ብዛት ልታለል ነበር። አዎ፣ በሲሊንደር! እናንተ መሳቅ ትችላላችሁ። እጮኛዬ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና እሷ አራት ዓመት ሙሉ ዕቁብ እየጣልን ለሠርጋችንና ለጎጆ መውጫችን ያጠራቀምናት ገንዘብ ነበረችን። አንድ ቀን አንድ ደላላ ወዳጄ ደወለልኝ። «ስምንት ሲሊንደር የአውሮፓ መኪና፣ በአራት ሲሊንደር ዋጋ!» አለኝ። ሄጄ አየኋት። ጥቁር ናት፣ ታብረቀርቃለች። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሯ እንደ አንበሳ አገሳ... በቃ አለቀልኝ!

ማታ ለእጮኛዬ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «ስምንቱ ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ!» ብዬ ወሬውን ዘጋሁት። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

በማግስቱ መኪናዋን ይዘን ሰፈራችን ውስጥ ጋራዥ ያላቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ሄድን። ኮፈኑን ከፈቱት። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ተመለከቱ። ከዚያም «እስቲ እጅህን አስገባና ካንዴላውን ንካልኝ» አሉኝ። ከላይ ሞከርኩ፣ አልገባም። በጎን ሞከርኩ፣ ክርኔ ተላጠ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ይሄ እንዴት ነው የሚጠገነው?» አልኳቸው።

«ሞተሩ ይወርዳላ! ስማ አንተ ልጅ፣ ሲሊንደሩን አትቁጠር። እጅህ የሚገባበትን ቦታ ቁጠር።»

ይህቺ አነጋገር እንቅልፍ ነሳችኝ። እውነት ይሆን እንዴ ብዬ የሞተር ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጆች ናቸው።)

ሀሌታው ሀ እና ንጉሡ ሠ

አብዛኞቻችን የምንሳፈርበት መኪና አራት ሲሊንደር አለው። አራቱም እንደ ታክሲ ሰልፍ በአንድ ረድፍ ይቆማሉ፤ አንድ ረድፍ፣ አንድ ቴስታታ። ቀላል ነገር ነው። ሲሊንደር ሲጨመር ግን ሰልፉ ይረዝምና ኮፈን ውስጥ አልገባም ይላል። ስለዚህ መሐንዲሶች ሰልፉን ለሁለት ከፈሉት። ሁለቱ ረድፎች ከታች አንድ ክራንክሻፍት ላይ ይገናኙና ወደ ላይ ይከፈታሉ። ፈረንጆቹ በራሳቸው ፊደል «ቪ» አሉት፤ እኛ ሀሌታው ሀን ብናስብ ይበቃናል። ከአንድ ሥር ሦስት ረድፍ ሲበቅልስ? ንጉሡ ሠ ነዋ! እነሱ «ደብልዩ» ይሉታል።

ሠ አንድ ጊዜ በእውነት ነግሦ ነበር። «ናፒየር ላየን» የሚባለው የእንግሊዞች የአውሮፕላን ሞተር አሥራ ሁለት ሲሊንደሮቹን አራት አራት አድርጎ በሦስት ረድፍ የደረደረ ነው። «ጎልደን አሮው» የተባለች መኪና ይህንን ሞተር ተሸክማ በ1929 በአሜሪካ ዴይቶና ቢች በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር በረረችና የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረች።

ግን እናንተዬ፣ ሠ ሁሉ ንጉሥ አይደለም! በ1990 «ላይፍ» የሚባል የጣሊያን ቡድን ያንኑ የሦስት ረድፍ ቅርጽ ይዞ ፎርሙላ አንድ ውስጥ ገባ። አሥራ ሁለት ሲሊንደር፣ ሦስት ነጥብ አምስት ሊትር። በዚያ ዓመት አሥራ አራት ጊዜ ሞከረ፤ አሥራ አራቱንም ጊዜ ማጣሪያውን ማለፍ አቅቶት ተመለሰ። መጨረሻ ላይማ ያንን ልዩ ሞተር አውጥተው ተራ ባለ ቪ ቅርጽ ስምንት ሲሊንደር ገጠሙለት። እሱም አላዳነውም።

ሠላሳ ሲሊንደር፣ አንድ ታንክ

የባሰም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ታንክ በብዛት ማምረት ነበረባቸው፤ የታንክ ሞተር ግን አነሳቸው። ክራይስለር ምን አደረገ መሰላችሁ? ስድስት ሲሊንደር የሆነውን የቤት መኪና ሞተር አምስት ጊዜ ወስዶ እንደ አበባ ዙሪያውን ገጠመው! አምስት ረድፍ፣ ሠላሳ ሲሊንደር፣ ሃያ አንድ ሊትር ገደማ። ሞተሩ ከመስፋቱ የተነሳ «ሸርማን» የተባለው ታንክ አካሉ እንዲረዝም ተደረገ።

መጀመሪያ ላይ አምስት ካርቡሬተርና አምስት የውሃ ፓምፕ ነበረው። እጅ ወደማይደርስበት ቦታ የተሸጎጡት ካርቡሬተሮች ጠጋኞችን አስጨነቁ። በኋላ ካርቡሬተሮቹ ወደ ላይ ወጡ፣ አምስቱ ፓምፖችም በአንድ ተተኩ። አያችሁ? የመካኒኩን ምክር የጦር ሠራዊትም ተምሮታል! ያም ሆኖ ከሰባት ሺህ በላይ ታንኮች በዚህ ሞተር ተንቀሳቅሰዋል። ችግር የወለደው ብልሃት ነው፤ እንደኔ ለጉራ የተገዛ አልነበረም።

ለጉራ የቀረበውን ከፈለጋችሁ የእንግሊዙን ቢ.አር.ኤም. ተመልከቱ። በ1966 ሁለት ጠፍጣፋ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮችን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ «ኤች አሥራ ስድስት» አለው። ሁለት ክራንክሻፍት፣ አሥራ ስድስት ሲሊንደር፣ ክብደቱ የጉድ! እሽቅድምድም ላይ ከመሮጥ መሰበር ይቀናው ነበር። በዕድሜው አንድ ውድድር ብቻ አሸነፈ፤ እሱንም በሎተስ መኪና ላይ ተገጥሞ። የዚያን ዓመት የዓለም ዋንጫ የወሰደውስ? ብሎኩ ከአሜሪካ ተራ የቤት መኪና የተወሰደ፣ ቀለል ያለ ባለ ቪ ስምንት ሲሊንደር ሞተር!

በጠባብ ቤት ስድስት ልጅ

ታዲያ የሠራለት የለም ወይ? አለ። የጣሊያኑ ላንቺያ በ1922 ሁለቱን ረድፎች እጅግ አቀራርቦ በአንድ ቴስታታ ሥር ከተታቸው። ያንኑ ሐሳብ ቮልስዋገን በ1991 አንስቶ ስድስት ሲሊንደር ሠራበት። በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ክፍተት 15 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ሲሊንደሮቹ አንዱ በአንዱ ትከሻ መሐል ገባ ብለው ይቆማሉ። በጠባብ ክፍል ስድስት ልጅ ተሻሽጎ እንደሚተኛው ማለት ነው። ስለዚህ ስድስት ሲሊንደር በጎልፍ ኮፈን ውስጥ ገባ!

ነገር ግን የዚህ ሞተር የታይሚንግ ሰንሰለት የተቀመጠው በካምቢዮ በኩል ነው። ሰንሰለቱ ሲያረጅ እሱን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። ከሞተሩ የተቆጠበችው ቦታ በመካኒኩ ሂሳብ ላይ ትመጣለች።

ቮልስዋገን እዚህ አላቆመም። ሁለት ጠባብ ቪዎችን ጎን ለጎን በአንድ ክራንክሻፍት ላይ አቆመ፤ ይሄኛው ደብልዩ እንግዲህ ባለ አራት ረድፍ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራው አሥራ ሁለት ሲሊንደር በ2002 ጣሊያን ናርዶ ላይ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ በአማካይ በሰዓት 322 ኪሎ ሜትር ነዳ። ቤንትሌይም ከ2003 ጀምሮ ከመቶ ሺህ በላይ እንዲህ ዓይነት ሞተሮች ሠራ። የ2005ቱ ቡጋቲ ቬይሮን ደግሞ አሥራ ስድስት ሲሊንደር፣ አራት ቱርቦ፣ 1001 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ሙቀቱን ለማብረድ ስንት ራዲያተር አስፈለገው? አሥር!

አሥር ራዲያተር ያለው ሰው ለጥገና የሚከፍለው አያጣም። እዚያ ላይ ነው እኔ የነቃሁት! ሞተሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሲሊንደር በጠባብ ቦታ በተጨመረ ቁጥር አንድ ሰው የቦታውን ኪራይ ይከፍላል። ባለጸጋው ይከፍላል፤ እኔ ልከፍል የነበረው ግን በሠርጌ ገንዘብ ነው።

ጊዜውም ሄዷል። ቤንትሌይ ያንን ሞተር መሥራት በ2024 አቆመ። ቡጋቲም በዚያው ዓመት ይፋ ባደረገው ቱርቢዮን ላይ አራቱን ረድፍ ትቶ አሥራ ስድስቱን ሲሊንደር በሁለት ረድፍ አሰለፈ፤ የኤሌክትሪክ ሞተርም ጨመረበት።

ከመግዛታችሁ በፊት

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ቀድመው የገቡት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ስለዚህ ወንድሜም እህቴም፣ ስሙኝማ፦

ደላላው የሞተሩን ድምፅ ሲያሰማችሁ እናንተ ኮፈኑን ክፈቱ። ካንዴላው፣ ቺንጋው፣ የውሃ ፓምፑ በእጅ ይነካል? ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ የዚያን ሞተር ቴስታታና ፓምፕ ጠይቁ፤ ሦስት ሱቅ «የለም» ካለ መልሱ ተገኝቷል። መካኒካችሁን «ሰንሰለቱን ለመቀየር ምን ምን ይወርዳል?» በሉት። ዋጋው ከረከሰ ደግሞ ለምን እንደረከሰ ሻጩን ሳይሆን መካኒኩን ጠይቁ።

እኔስ? መኪናዋን መለስኩ። ማታ ከእጮኛዬ ጋር ቡና ይዘን ተቀመጥንና የመካኒኩን ነገር፣ የታንኩን፣ የአሥሩን ራዲያተር አወራኋት። ስትሰማኝ ቆይታ «ታዲያ እኔስ ምን አልኩህ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። «ስምንቱ ምን ያደርግልናል?» ብላኝ ነበር። ያ ሁሉ መሐንዲስ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ይሄው ነው፤ እሷ ግን ኮፈን ሳትከፍት ጠየቀችው። «አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ» ያልኳት እኔ ነበርኩ ስለ መኪና የማላውቀው። ይቅርታ ጠየቅኳት። ገንዘቡም እስከ ሠርጋችን በእሷ ስም ባንክ ይቀመጥ ተባባልን።

ከሠርጉ በኋላ የሚተርፍ ካለ አራት ሲሊንደር ይበቃናል። እጅ የሚያስገባ!

ቸር እንሰንብት።