ተጨማሪ መረጃ፦ የዳከልህ ሕዝብና ልሳኑ

በካናዳ ምዕራብ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ መካከለኛ ክፍል፣ ሐይቆችና ወንዞች በበዙበት የደን አገር፣ ከጥንት ጀምሮ ሳልሞን የተባለውን ዓሣ እያጠመደና አውሬ እያደነ የኖረው የዳከልህ ሕዝብ የሚናገረው ልሳን ከአታባስካን ቋንቋዎች ወገን የሚቆጠር ሲሆን፣ በደቡብ ርቆ የሚገኘው የናቫሆ ቋንቋም ዘመዱ ነው። የዳከልህ ልሳን ግሡ እጅግ የረቀቀ ነው፤ ለምሳሌ ስለ መስጠት ሲነገር፣ የሚሰጠው ነገር ክብ ወይም ረጅም፣ ልል ወይም በዕቃ የተያዘ እንደ ሆነ ግሡ ራሱ እየተለወጠ ያስታውቃል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ካቶሊካዊ ቄስ አድሪየን ገብርኤል ሞሪስ በስቱዋርት ሐይቅ ዳር ወዳለችው ፎርት ሴንት ጄምስ ደርሶ፣ የክሪ ሕዝብ ከሚጽፍበት ፊደል መነሻ በመውሰድ ለዚህ ልሳን ፊደል ቀረጸለት፤ የእኛ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ቅርጹን እየለወጠ አናባቢውን እንደሚለይ ሁሉ፣ በዚያም ፊደል ምልክቱ አቅጣጫውን ሲያዞር ድምፁ ይለያል። ሕዝቡም እርስ በርሱ እየተማማረ ደብዳቤ ተጻጻፈበት፤ በመቃብር ድንጋይ ቀረጸው፤ በጫካ መንገድ ለሚከተለው ሰው በዛፍ ግንድ ላይ መልእክት ተወበት፤ ከ1891 እስከ 1894ም ጋዜጣ ታተመበት።

ከ1922 እስከ 1976 በፍሬዘር ሐይቅ አጠገብ የቆየው የሌጃክ አዳሪ ትምህርት ቤት ግን ሕፃናቱን ከወላጆቻቸው ነጥሎ፣ የአባቶቻቸውን ልሳን ከአፋቸው ለማጥፋት የታሰበው ሥርዓት አካል ነበረ፤ ይህም ጽኑ በደል ነው። ዛሬ ልሳኑን አጣርተው የሚናገሩት አብዛኞቹ አረጋውያን ሲሆኑ፣ መዝገበ ቃላቱና የሕፃናቱ መማሪያ መጻሕፍት የሚዘጋጁት ከእነርሱ አንደበት እየተቀዱ ነው።